ዲፉ ይታሰር ወይስ ይለቀቅ? የክራውለር ጥያቄዎቻችሁ

ለዚህ እትም የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ስለ ክራውለር፣ ማለትም ቋጥኝ ላይ ቀስ እያሉ እንዲወጡ ስለተሠሩት የሪሞት መኪኖች፣ በተለይ ደግሞ ስለ ዲፈረንሻላቸው፣ ባጭሩ ዲፍ ስለሚባለው። አንዳንዱን ደብዳቤ አሳጥሬዋለሁ። በቀጥታ እንግባ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለ13 ዓመት ልጄ ያገለገለ ታሚያ ሲሲ 01 ገዛሁለት፣ የፓጄሮ ቦዲ ያለው። ሜዳ ላይ አሪፍ ነው። ድንጋይ ላይ ስናወጣው ግን የፊት አንድ ጎማና የኋላ አንድ ጎማ ከመሬት ይነሱና እነሱ ብቻ ይሾራሉ። መሬት የያዙት ሁለቱ ፀጥ። ልጄ "ተበላሽቷል አባዬ" ይለኛል። እውነት ተበላሽቷል? (አባት፣ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ አልተበላሸም። እንደውም በትክክል እየሠራ ነው።

መኪና ሲታጠፍ የውጪው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ዲፈረንሻል የሚያስፈልገው ሁለቱ በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ ነው። ችግሩ ክፍት ዲፍ ለግራውም ለቀኙም የሚሰጠው ጉልበት ሁልጊዜ እኩል መሆኑ ላይ ነው። አንዱ ጎማ አየር ላይ ሲንጠለጠል እሱን ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ኢምንት ነው። እኩል ነው ብለናልና፣ መሬት የያዘውም ጎማ የሚደርሰው ያቺው ኢምንት ናት። በእርስዎ መኪና የፊትና የኋላ አክስሎች (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዙት ክፍሎች) መሃል ላይ ዲፍ የላቸውም፣ በቀጥታ የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ አንድ ጎማ ብቻ ቢነሳ ሌላኛው አክስል ይጎትተዋል። ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ በሰያፍ ሲነሱ ግን ሁለቱም አክስሎች ባዶ ይሆናሉ፣ መኪናውም ይቆማል። እርስዎ የጻፉልኝ ይኸንኑ ነው።

መፍትሔው የኋላውን ዲፍ መቆለፍ ነው፣ ማለትም ሁለቱ ጎማዎች ሁልጊዜ አብረው እኩል እንዲዞሩ ማሰር። የኋላውን ብቻ። የፊቱን ይተዉት። ሲሲ 01 የኋላው ደረቅ አክስል ነው፣ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድፍን አካል ተያይዘው አብረው የሚንቀሳቀሱበት፣ የፊቱ ግን እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት ሰስፔንሽን ነው፣ ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎችም ቀጫጭን ናቸው። የፊቱን ከቆለፉት መኪናው መታጠፍ ይጠላል፣ ዘንጎቹም ዕድሜያቸው ያጥራል። የኋላው ብቻ ሲቆለፍ መሬት የያዘው የኋላ ጎማ ይገፋል፣ አብዛኛውን ጊዜም ያ ይበቃል።

አሠራሩን ልንገርዎ። አክስሉን ሲፈቱ መጀመሪያ ስልክዎን አውጥተው ፎቶ ያንሱ። ዲፉ ላይ ያለው ትልቁ ጥርስ (ባለጥርሱ ክብ) ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ ያለው? ሲገጥሙ ገልብጠው ከገጠሙት የኋላ ጎማዎች ወደኋላ፣ የፊቶቹ ወደፊት መዞር ይፈልጋሉ፣ ሰውም ግማሽ ቀን ሞተሩን ሲፈትሽ ይውላል። ከዚያ ዲፉን ይክፈቱ። ውስጡ ትናንሽ ጥርሶች በግሪስ ተነክረው ያገኛሉ። ግሪሱን ማስወጣት ነው ዋናው ሥራ። በአልኮል ወይም በፍሬን ማጽጃ እየነከሩ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥርስ በጥርስ ያጽዱ፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ። ሙጫ ቅባት ላይ አይዝም። "ቆልፌው በሳምንቱ ለቀቀ" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አሉ፣ መልሱ እዚህ ጋ ነው፣ አላጸዳችሁትም።

ካጸዱ በኋላ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው በሽጉጥ የሚቀልጠው ትኩስ ሙጫ ነው። በጥርሶቹ መሃል ሞልተው ያቀዘቅዙታል። ጥቅሙ ሲሰለቹት በሙቀት ለስልሶ ተነቅሎ መውጣቱ ነው። ሁለተኛው ሁለት ቱቦ እየተቀላቀለ የሚሠራው ኤፖክሲ ነው፣ ለብረት የሚሆነው ዓይነት። እኩል ለኩል ቀላቅለው ይሞሉና 24 ሰዓት ሳይነኩት ይተዉታል። እሱ ከያዘ በኋላ ግን ሐሳብ መቀየር የለም፣ መክፈት ከፈለጉ አዲስ ጥርስ ነው የሚገዙት። የትኛውንም ይጠቀሙ፣ ሙጫው ከዲፉ ውጪ ወዳለው ኩሽኔታ እንዳይፈስ። ከመግጠምዎ በፊት የግራና የቀኙን መውጫ በሁለት እጅዎ ይዘው በተቃራኒው ያጣምሙ። ትንሽ እንኳ ከተንሸራተተ ይድገሙት።

ለልጅ መኪና እኔ በትኩስ ሙጫ ነበር የምጀምረው። አንድ ወር ይንዳው፣ ከወደደው ኤፖክሲ ይደረግለታል።

ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ሙላበት የሚልም አለ። ለሩጫ መኪና ዲፍ 5,000 ወይም 10,000 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው) የሚሞላ ሰው ብዙ ነው፣ ለክራውለር ደግሞ እስከ 1,000,000 የሚደርስ፣ ከማር የሚወፍር አለ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፣ ግማሽ ቁልፍ ይሆናል። ግን ዙሪያውን የታሸገ ዲፍ ይፈልጋል። የእርስዎ ዲፍ የታሸገ ስላልሆነ ዘይቱ ቀስ እያለ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሰላም ብሮ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ አክሲያል ኤስሲኤክስ 10 ሁለተኛውን ትውልድ ይዛልኝ መጣች። ጓደኛዬ ጋራዥ ስለሚሠራ "ዲፉን እንበይደውና አለት ይውጣ" እያለ አላስቀምጥ አለኝ። ልስማው?

መልስ፦ ኧረ አትስማው! መበየጃውን ያስቀምጥ። የኤስሲኤክስ 10 አክስሎች ከፋብሪካ ሲወጡ የተቆለፉ ናቸው፣ ከፊትም ከኋላም። በውስጣቸው ዲፍ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ አንድ ድፍን ብረት ነው ያለው።

ካላመነህ በእጅህ ሞክረው፣ ይሄ ሙከራ ለማንኛውም መኪና ይሠራል። ኃይሉን አጥፋ፣ አንዱን አክስል ከመሬት አንሳ፣ አንዱን ጎማ በእጅህ አዙር። ሌላኛው ጎማ በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ዲፉ ክፍት ነው። አብሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ከዞረ፣ ወይም ሞተሩ ይዞት አልንቀሳቀስም ካለ፣ ተቆልፏል። ያገለገለ ዕቃ ስትገዛ ደግሞ ሻጩ ፊት አድርገው፣ ምክንያቱም የፊተኛው ባለቤት ውስጡን ምን እንዳደረገው አታውቅም።

ያንተ መኪና ቋጥኝ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ወንጀለኛው ጎማ ወይም ክብደት ነው። ጎማው ለስለስ ያለ ላስቲክ ይሁን፣ ውስጡ ያለው ስፖንጅም ሲጫኑት ድንጋዩን እንዲያቅፍ ይሁን። ከዚያ ክብደቱን ወደታችና ወደፊት አምጣ፦ ባትሪውን ከፊት አድርገው፣ ቸርኬው ውስጥ ወይም የፊት አክስሉ ላይ የነሐስ ክብደት ጨምር። ጣራው ላይ ጀሪካንና ሻንጣ መጫን ግን ለፎቶ ነው። አቀበት ላይ ወደኋላ ይገለብጥሃል።

ጥያቄ፦ ትራክሳስ ቲአርኤክስ 4 አለኝ፣ ሐታ ተራራ ላይ ነው የምነዳው። ዲፎቹን ከሪሞቱ መቆለፍና መክፈት ይቻላል። እኔ ሁልጊዜ ቆልፌ ነው የምነዳው። ታዲያ መክፈቻው ለምን ተሠራ? አንዳንዴ ደግሞ ቁልፉን ስጫን ወዲያው አይዝም። (እህታችሁ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሐታ ድንጋዩ ላይ እስካለሽ ድረስ ትክክል ነሽ። ወደ ቤትሽ ስትመለሺ አስፋልቱ ላይ ግን ክፈቺው።

ድንጋይና ጠጠር ላይ ጎማ ትንሽ ይንሸራተታል፣ ሁለቱ ጎማዎች እኩል መዞራቸው ብዙም አይጎዳም። አስፋልትና ሲሚንቶ ግን አያንሸራትቱም። ተቆልፎ ስትታጠፊ ጎማው ይፋቃል፣ ከዚያ አልፎ ያ ሁሉ ጉልበት ዘንጎቹና ጥርሶቹ ላይ ያርፋል። ይሄ የአሻንጉሊት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ ገጠር ላንድ ክሩዘር የሚነዱ ሹፌሮችን ጠይቂ፣ ዲፍ ሎኩን ጭቃ ውስጥ አስገብተው፣ ደረቅ መንገድ ላይ ሳይወጡ ያወጡታል።

ወዲያው አልይዝም የሚለው የተለመደ ነው። ለእያንዳንዱ አክስል የተመደበች ትንሽ ሰርቮ (ከሪሞቱ የምትታዘዝ ትንሽ ሞተር) በገመድ ትጎትትና ቁልፉን ታስገባለች። ጥርሶቹ ፊት ለፊት ካልተገጣጠሙ አይገቡም። ቁልፉን ተጫኚና መኪናውን አንድ መዳፍ ያህል ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሺው፣ ይገባል። ሲከፈትም እንደዚያው፣ ዘንጉ በጉልበት ከተወጠረ አልለቅም ይላል። የቆመ ጎማ ላይ ደጋግመሽ አትጫኚ።

ይሄ መኪና በ2017 ሲወጣ ያስወራው አንዱ ነገር ይሄው ከሪሞት የሚቆለፍ ዲፍ ነው። አለመጠቀም ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው ኤስሲኤክስ 10 አለኝ። የፊቱን አክስል ከኋላው ቢያፈጥኑት የበለጠ ይወጣል ይላሉ። ወሬ ነው ወይስ እውነት? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ እውነት ነው፣ ግን መጨረሻ ላይ የሚደረግ ነገር ነው። ጎማና ክብደት ሳታስተካክል እዚህ አትድረስ።

ያንተ አክስል ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ትልቁ ባለጥርስ ክብ 38 ጥርስ፣ ትንሹ 13 ጥርስ አለው። ስታካፍለው ወደ 2.92 ይመጣል፣ ማለትም ጎማው አንዴ ለመዞር ዘንጉ 2.92 ጊዜ ይዞራል። የፊቱን 36 በ14 ካደረግከው 2.57 ይሆናል። የፊት ጎማ ከኋላው ወደ 14 በመቶ ይፈጥናል ማለት ነው። አቀበት ላይ የፊቱ መኪናውን ወጥሮ ይጎትታል፣ ስትታጠፍም አፍንጫው ወደፈለግከው ቶሎ ይሄዳል። ሌላው መንገድ የፊቱን ሳይነኩ የኋላውን 43 በ13 ማድረግ ነው፣ እሱም 13 በመቶ አካባቢ ልዩነት ይሰጣል።

ሁለቱንም አንድ ላይ የሚያደርጉ አሉ። ልዩነቱ ወደ 29 በመቶ ይደርሳል፣ ለእኔ ያ በዛ። ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ሞተሩ ይግላል፣ ጎማ ይበላል፣ ወደኋላ ስትነዳው ደግሞ ሁለቱ አክስሎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አንዱን ምረጥ። እኔን ካልከኝ የፊቱን።

እነዚህን ጥርሶች ስትገጥም ትልቁና ትንሹ የሚነካኩበትን ርቀት ችላ አትበል። በጣም ከተጣበቁ ያቃስታሉ፣ ከተራራቁ ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ይነካካና አንድ ቀን ቋጥኝ ላይ "ቀጭ!" ይላል። በኩሽኔታው ጎን ቀጫጭን ሮንዴላ እየጨመርክ አስጠጋው፣ በእጅህ ስታዞረው ሳይከብድ፣ ወዲያና ወዲህ ስታወዛውዘው ትንሽ ብቻ ክፍተት እንዲኖረው።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም ቆለፍኩ፣ አሁን ለመታጠፍ የእግር ኳስ ሜዳ ነው የሚፈልገው። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ይህ የቁልፍ ዋጋ ነው፣ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። መጀመሪያ የፊት ጎማዎች እስከ መጨረሻ ታጥፈው እንደሆነ እይ፣ ብዙ ጊዜ ሰርቮው ደካማ ሆኖ ወይም ሪሞቱ ላይ ገደቡ ተቀንሶ ነው። ከዚያ "ዲግ" የሚሉት አለ። የኋላውን አክስል ከሞተሩ ይነጥልና ቀጥ አድርጎ ያስረዋል፣ የፊቱ ብቻ ይጎትትና መኪናው በኋላ ጎማው ዙሪያ ይሽከረከራል። በ2020 የወጣው ሦስተኛው ኤስሲኤክስ 10 ካምቢዮ ለዚህ የተዘጋጀ ነው። የድሮዎቹ የውድድር መኪኖች ደግሞ ክሎድ በስተር የሚባለውን የታሚያ መኪና አክስሎች ነበር የሚጠቀሙት፣ በየአክስሉ የራሱ ሞተር ስላለ አንዱን አቁሞ ሌላውን መንዳት ይቻል ነበር። ዲግ ከሌለህ ትንሽ ወደኋላ፣ ትንሽ ወደፊት። ክራውለር ላይ የሚያስቸኩልህ የለም።

ጥያቄ፦ ዲፉ ከተቆለፈ በኋላ ግሪስ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ ከውስጥ አያስፈልገውም፣ ውስጡ ከእንግዲህ አይንቀሳቀስም። ትልቁና ትንሹ ጥርስ የሚፋጩበት ግን አዎ። ውሃ ውስጥ የምትነዱ ከሆነ ለጀልባ የሚሆነውን ውሃ የማያጥበውን ግሪስ ተጠቀሙ፣ ጥርሱን የሚሸፍን ያህል ብቻ። አክስሉን ሙሉ የሞላችሁ እንደሆነ በኩሽኔታው በኩል ይወጣና ቸርኬው ላይ አሸዋ ይሰበስባል።