ክፍት ፊልትሮና «ስቴጅ 1» አቀበቱን ያቀላሉ?

ጥያቄ፦ መኪናዬ 1.4 ሊትር ቱርቦ ቤንዚን ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስወጣ ትደክምብኛለች። ክፍት የአየር ፊልትሮ ላስገባ? «ስቴጅ 1»ስ ላስጭን? (ከደሴ)

መልስ፦ ፊልትሮው ብቻውን የሚጨምርልዎ በአመዛኙ ድምፅ ነው። ቱርቦው (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው መሣሪያ) የሚሰጠውን ግፊት የሚወስነው የሞተሩ ኮምፒውተር ነውና ጉልበቱ ብዙም አይለወጥም። እንዲያውም ሽፋን የሌለው ፊልትሮ የሞተሩን ትኩስ አየር ይስባል፤ ዘይት የሚቀባው ዓይነት ደግሞ ዘይቱ ከበዛ የአየር መለኪያውን ሴንሰር ያቆሽሻል።

ስቴጅ 1 የኮምፒውተሩን ፕሮግራም መቀየር ነው፤ ይህ ጉልበት በእርግጥ ይጨምራል። ግን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ቱርቦው ያን ለማካካስ ዱሮውንም በፍጥነት ይሽከረከራል። ለዝቅተኛ ቦታና ለከፍተኛ ኦክቴን (ማንኳኳትን ለሚቋቋም) ቤንዚን የተሠራ ፕሮግራም ከተጫነበት ቱርቦው ከአቅሙ በላይ ይሮጣል፣ ሞተሩም ቤንዚኑ ያለጊዜው እየነደደ ያንኳኳል። ከዚህ የበለጠ ጉልበት የሚጨምረው ስቴጅ 2 ደግሞ ያለ ትልቅ ኢንተርኩለር (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) እና ሰፊ ጭስ ማውጫ አይታሰብ።

መጀመሪያ ሞተሩ ሲበርድ ከቱርቦ እስከ ኢንተርኩለር ያለውን የጎማ ቱቦ በእጅዎ ይዳስሱ። መጋጠሚያው ላይ አቧራ የያዘ ጥቁር የዘይት ላብ ካገኙ አየር የሚያመልጠው በዚያ ሳይሆን አይቀርም፤ ፋሸታውን (የቱቦውን ማሰሪያ ቀለበት) ያጥብቁ፣ ቱቦው ከተሰነጠቀም ይቀይሩት። ካንዴላዎቹንም አስፈትተው ክፍተታቸው በአምራቹ ልክ መሆኑን ያስለኩ፤ ከሰፋ አቀበት ላይ ሞተሩ ይቆራረጣል።