መልስ፦ ጨረቃ ላይ መጀመሪያ የተነገረው ቃል የቱ ነው?

«ትንሽ እርምጃ» የሚለው አይደለም። ለጥያቄና መልስ ውድድሩ ያዘጋጀኸውን ወረቀት አስተካክለው። ጨረቃን መጀመሪያ የረገጠው ኒል አርምስትሮንግ ያንን የተናገረው በአፖሎ 11 ጉዞ ጨረቃ ላይ ካረፉ ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ቆይቶ፣ ከመሰላሉ ሲወርድ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይኸውልህ፦

1. ጨረቃ ላይ ካረፈችው መንኮራኩር እግሮች ስር 1.7 ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ቀጫጭን ዘንጎች ነበሩ። አንዱ የጨረቃን አፈር ሲነካ ውስጥ ሰማያዊ መብራት በራ። ከአርምስትሮንግ ጋር የነበረው ባዝ ኦልድሪን ወዲያው «የንክኪ መብራት» አለ። መልስህ ይሄ ነው።

2. ሞተሩ ከጠፋ በኋላ አርምስትሮንግ «ሂዩስተን፣ እዚህ ትራንኩዊሊቲ ቤዝ። ንስር አርፏል» አለ። ሂዩስተን ጉዞውን ከምድር የሚቆጣጠረው ማዕከል ነው፣ ትራንኩዊሊቲ ቤዝ ያረፉበት ቦታ ነው፣ ንስር ደግሞ የመንኮራኩሯ ስም ነው። ከማዕከሉ ሆኖ ያነጋግራቸው የነበረው ቻርሊ ዱክ ሲመልስ፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ፊታቸው ሊጠቁር የደረሰ ሰዎች እንደነበሩና አሁን ገና መተንፈስ እንደጀመሩ ነገራቸው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄንን ነው። የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ጭንቀት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

3. ከዚያ «ለአንድ ሰው ትንሽ እርምጃ፣ ለሰው ልጅ ታላቅ ዝላይ» መጣ። በቅጂው ላይ «አንድ» የሚለው በደንብ አይሰማም። አርምስትሮንግ ግን ሊል ያሰበው እንደዚያ መሆኑን ተናግሯል። ስለዚህ በአማርኛ «አንድ»ን አትተወው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ቀኑን። እኔ አንድ ጊዜ ማረፋቸውንና ጨረቃን መርገጣቸውን በአንድ ቀን መዝግቤ ተማሪዎች ተከራክረውበታል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያረፉት ሐምሌ 13 ቀን 1961 ከምሽቱ 5፡17 ነው። የአርምስትሮንግ እግር ጨረቃን የረገጠው ግን ሊነጋ ሲል፣ 11፡56 ላይ፣ ሐምሌ 14 ነው። ጥያቄህ ላይ የቱን እንደፈለግክ ለይተህ ጻፍ።