ወንድሜ የላከው የካናቢስ ዘይት

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ 74 ዓመታቸው ነው። ሐኪም አልዛይመር ነው ብሏቸዋል፤ ለልብ ምት መዛባት ደግሞ ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ። ውጭ አገር ያለው ወንድሜ «የአንጎልን መቆጣት ያበርዳል» ብሎ ሲቢዲ የሚባል የካናቢስ ዘይት ልኮልኛል። ልስጣቸው?

መልስ፦ አይስጧቸው። ወንድምዎ ያነበቡት ነገር ግን ከሜዳ የተነሣ ወሬ አይደለም።

አንጎላችን ማይክሮግሊያ የሚባሉ የራሱ ዘበኞች አሉት። በሰላም ጊዜ ቀጫጭን ቅርንጫፎቻቸውን ዘርግተው ዙሪያቸውን ሲዳስሱ ይውላሉ። ጉዳት ሲያገኛቸው ቅርንጫፎቹን ይሰበስባሉ፣ ይወፍራሉ፣ ብግነት የሚያስነሡ ኬሚካሎችም ይረጫሉ። ለጥቂት ቀን ከሆነ ደግ ሥራ ነው። በአልዛይመር ግን ቁጣው ለዓመታት ሳይበርድ ይቆያል፤ አጠገባቸው ያሉ የነርቭ ሴሎችም አብረው ይጎዳሉ።

ሴሎች የካናቢስን ንጥረ ነገሮች የሚቀበሉባቸው ዋና በሮች ሁለት ናቸው። በ1990 የታወቀው ሲቢ1 በነርቭ ሴሎች ላይ ይበዛል፤ ሐሺሽ አጫሹን የሚያሰክረው በእሱ በኩል ነው። በ1993 የታወቀው ሲቢ2 በአብዛኛው በሰውነት የበሽታ መከላከያ ሴሎች ላይ ነው የሚገኘው። በተረጋጋ ማይክሮግሊያ ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ሴሉ ሲቆጣ ግን ይበረክታል። በአይጦች ላይ ይህን በር የሚያንኳኳ ንጥረ ነገር ሲሰጥ ቁጣው ረገብ ሲል ታይቷል። እኔም ይህን ሳነብ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽዎትም።

ችግሩ ግን ሲቢዲ ከሁለቱም በሮች ጋር የሚገጥመው በደካማው ነው። ወንድምዎ ስለ አንድ በር አንብበው የሌላ ቤት ቁልፍ ልከዋል። የአይጦቹ ውጤትም በአልዛይመር ታማሚዎች ላይ አልተረጋገጠም። ሲቢዲ በ2018 በአሜሪካ በመድኃኒትነት የተፈቀደው ለጥቂት ብርቱ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ነው። ካናቢስ በአገራችን ሕግ የተከለከለ መሆኑንም አይርሱ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ዋርፋሪኑ ነው። ጉበት ዋርፋሪንን የሚያስወግድባቸውን ኢንዛይሞች ሲቢዲ ያዳክማል፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይጠራቀምና ደም ከልክ በላይ ይቀጥናል። እናትዎ ሌሊት ሽንት ቤት ሲሄዱ ወይም ያንን ሁሉ ደረጃ ሲወርዱ አንድ ጊዜ ቢወድቁ፣ በሌላ ሰው ላይ እብጠት ብቻ የሚሆነው በእሳቸው ላይ የአንጎል ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል። ጥቂት ጠብታ ሰጥተዋቸው ከሆነ ሳይዘገዩ የደም መቅጠን ምርመራቸውን ያሠሩ። ድዳቸው ቢደማ፣ ሰገራቸው ቢጠቁር ወይም ከባድ ራስ ምታት ቢይዛቸው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሚወስዱትን ክኒን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር። እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ ክኒኖች የአረጋውያንን ማስታወስ ያደበዝዛሉ። የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ተሠርቶላቸው ካልሆነም ይጠይቁ፤ የሁለቱም እጥረት መርሳትን ያባብሳል፣ ሁለቱም ይታከማሉ። የዘይቱንም ጠርሙስ ፌስታሉ ውስጥ ይጨምሩት፣ ሐኪሙ ይየው።