ሞምባሳን ብቻዬን፣ በአነስተኛ ገንዘብ

ጥያቄ፦ ሞምባሳ ብቻዬን ሄጄ ሳልጣደፍ ማረፍ እፈልጋለሁ፤ ገንዘቤ ትንሽ ነው። ምን ልዘጋጅ? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እኅታችን፣ አስቀድመው የቢጫ ወባ ክትባት ይውሰዱ፤ ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። የደሴ ብርድ የለመደ ሰው ወባን ይዘነጋል፤ ስለ መከላከያ ክኒኑ ሐኪም ያማክሩ፣ አጎበር ያለው ክፍል ይምረጡ። ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ ይበዛል። ከናይሮቢ በባቡር ከሄዱ የሚወርዱት ከመሀል ከተማ ርቆ ሚሪቲኒ ነው፤ ኮንትራት ታክሲ ሳይሆን ማታቱ (የሕዝብ ሚኒባስ) ይያዙ። ከሞምባሳ ደሴት ወደ ደቡቡ ዳርቻ የሚያሻግረው የሊኮኒ ጀልባ ለእግረኛ ነፃ ነው።

ዋናው ጥንቃቄ ባሕሩ ላይ ነው። ባሕሩ በየቀኑ ከዳርቻው ይሸሻል፣ መልሶም ይሞላል። ውሃው ሲሸሽ ድንጋዩ ሥር ጥቁር፣ ክብ፣ እሾሃማ እንስሳት ይገኛሉ፤ ከረገጧቸው እሾኹ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። የላስቲክ ጫማ ያድርጉ፣ በሙላት ሰዓት ይዋኙ። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱን ሰዓት አይመኑ፤ ጠዋት ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹን ይጠይቁ።