መልስ፦ ከዘይት ቅያሪ በኋላ ስለሚመጣ ማንጠባጠብ

ወንድሜ፣ ትናንት ዘይት የተቀየረለት መኪና ዛሬ ጠዋት መሬቱን አጥቁሮ ከተገኘ፣ «ስላረጀ ነው» የሚለው የጋራዡ መልስ አይዋጥልኝም። መኪና በአንድ ሌሊት አያረጅም።

ሞተሩን አታስነሳ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተህ፣ ጠርገህ፣ መልሰህ ክተትና እንደገና አውጥተህ የዘይቱን መጠን እይ፤ ከዚያ ከሥር ተመልከት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሁለት ቦታ አያልፍም። አንደኛው ከሥር ያለው የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ነው፤ ማሸጊያ ቀለበቱ ሳይቀየር ይታሰራል፣ ወይም በጉልበት ተጠብቆ ጥርሱ ይበላል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ የአሮጌው ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያ) ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይታሰራል። የተደራረበ ጎማ ግፊት አይችልም፤ መንገድ ላይ ዘይቱን በአንዴ ሊተፋው ይችላል።

እኔን የገጠመኝ ደግሞ ሌላ ነው። የፊልትሮ ዋጋ ደረሰኙ ላይ ሰፍሯል፤ ቤት ደርሼ ጎንበስ ብዬ ባይ ግን ጭቃ የለበሰው አሮጌው ፊልትሮ እዚያው ተቀምጧል። ስመለስ ሰውየው «ታጥቦ ነው የተመለሰው» አለኝ። ድፍረቱ! ከዚያ ወዲህ ፊልትሮውን ራሴ ከሶማሌ ተራ ገዝቼ፣ ቀኑን ጽፌበት፣ ሲታሰር ቆሜ አያለሁ፤ አሮጌውንም እቀበላለሁ። መካኒኮች አይወዱትም፤ አይውደዱት።

አንተም የፈሰሰውን ከነብሎኑ ፎቶ አንሳ። መኪናውን ወደ ጋራዡ አትንዳ፣ መካኒኩ ቤትህ ይምጣ። ብሎኑን ብቻ አጥብቆ ልሂድ ካለህ እሺ አትበለው፤ ፊልትሮውን ፈትቶ ጎማውን ያሳይህ።