ኤም ጂ ቢ ወይስ ቲ አር 6? ለሐረጎ መንገድ

ጥያቄ፦ ሁለት ክፍት የእንግሊዝ መኪኖች ለሽያጭ ቀርበውልኛል። አንዱ እ.ኤ.አ. የ1970 ኤም ጂ ቢ፣ ሌላው የ1972 ትራያምፍ ቲ አር 6 ባለ ሁለት ካርቡራተር ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። የትኛውን ልግዛ?
ከደሴ

መልስ፦ ለየዕለት ምልልስ ከሆነ ኤም ጂ ቢውን። በጉልበት ቲ አር 6 ይበልጣል፤ ባለ 6 ሲሊንደር 2498 ሲሲ ነው፣ ኤም ጂ ቢ ደግሞ ባለ 4 ሲሊንደር 1798 ሲሲ። ደሴ ግን 2500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ሁለቱም ሩብ ያህል ጉልበታቸውን ጥለው ነው የሚደርሱት።

ትልቁ ስጋት የቲ አር 6 ኮሎዶካ፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዙት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ ቀለበቶች ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ይበላሉ፤ ደሴንና ኮምቦልቻን በሚያገናኘው የሐረጎ ጠመዝማዛ ደግሞ ፍሪሲዮን ስንቴ እንደሚረገጥ ያውቁታል። ሞተሩን አጥፍተው ሰው ፍሪሲዮን ሲረግጥ የፊቱን የቺንጋ ፑሊ ይመልከቱ። ጤነኛው ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው የሚንቀሳቀሰው። በዓይን በግልጽ ከተንሸራተተ ቀለበቶቹ አልቀዋል፤ ከቦታቸው ከወደቁ ኮሎዶካው ብሎኩን ይበላዋል። ዲፈረንሲያሉ (ጉልበቱን ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው) የተያዘበት የሻንሲ ክፍልም መሰንጠቅ ይወዳል።

ኤም ጂ ቢ ሻንሲ የለውም። ሸክሙን የሚችለው ቦዲው ራሱ፣ በተለይ ከበሮቹ ሥር ያለው የላሜራ ሳጥን ነው። ማግኔት ያስኪዱበት፤ የማይዝበት ቦታ ዝገት የተሸፈነበት ስቱኮ (የቦዲ መሙያ) ነው። ከዚያ አንዱን ጎን በክሪክ አንስተው በሩን ይክፈቱና ይዝጉ። አልገጥም ካለ ወገቡ ተበልቷልና ዋጋው ቢረክስም ይተዉት።

የትኛውንም ቢገዙ የፍሬኑን ዘይት በየ2 ዓመቱ ዶት 4 በተባለው ዓይነት ይቀይሩ። ውሃ የጠጣ ዘይት በቁልቁለት ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ወደ ኮምቦልቻ ሲወርዱ ኦቨርድራይቭ (ለረጅም ሜዳ የሞተሩን ዙር የሚቀንስ ተጨማሪ ማርሽ) ካለው ያጥፉት፤ 3ኛ ማርሽ ይያዘው።

ጥያቄ፦ የኔ ኤም ጂ ቢ ኮምቦልቻ ደህና ነው፤ ደሴ ሲወጣ ግን ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ሚኒሞ ላይም ይንገዳገዳል። ካርቡራተሮቹ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅሉት) ኤስ ዩ የተባሉት ናቸው።
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ነገር ግን የ650 ሜትር ያህል ልዩነት ብቻውን ጥቁር ጭስ አያመጣም። መኪናው ኮምቦልቻም እያለ ቤንዚን በዝቶበት ነበር።

መጀመሪያ ቾኩን ይመርምሩ። ኤስ ዩ ላይ ቾክ ሲሳብ ከሥር ያለው ጄት (ቤንዚን የሚወጣበት ቀጭን ቱቦ) ወደ ታች ይወርዳል፤ ቆሽሾ ሳይመለስ ከቀረ ቀኑን ሙሉ ቾክ ተስቦ እንደመንዳት ነው። በጣት ወደ ላይ ሲገፉት ከተነቃነቀ ችግሩን አገኙት። የአየር ማጣሪያውንም ይዩ።

ይህ ካልሆነ ሞተሩን አሙቀው የካርቡራተሩን ፒስተን (የሞተሩን አይደለም) ከሥር ባለው ፒን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያንሱት። ዙሩ ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚን በዝቷል፤ ሊጠፋ ካለ አንሷል፤ ጥቂት ጨምሮ ከተመለሰ ልክ ነው። ሲበዛ የጄቱን ዳዶ ከስድስት ጎኖቹ በአንዱ ልክ ብቻ ወደ ላይ ያዙሩ፤ ሁለቱንም ካርቡራተሮች እኩል፣ ከዚያ እንደገና ይፈትኑ። ይህን ኮምቦልቻ ይሥሩት። ደሴ ላይ ከተስተካከለ ቁልቁል ሲወርድ ቤንዚን ያንሰውና ሞተሩ ይግላል፤ በተለይ ወደ አፋር ለሚነዱት። ከአንድ ምልልስ በኋላ ካንዴላዎቹን ይፍቱ፤ ቡናማ ከሆኑ ተስተካክሏል፣ ጥላሸት ከለበሱ ዳዶውን አንድ ጎን ወደ ላይ ይጨምሩ።