«የላይም መድኃኒት ከጀመርኩ ወዲህ ባሰብኝ፣ ድብርትም ጨመረብኝ፤ ልተወው ወይ?» ላልሽው እህቴ

ያልሽውን በትክክል ይዤው እንደሆነ ላሳጥረው። ቨርጂኒያ ነሽ። ጭንሽ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ክብ ሽፍታ ወጥቶ ላይም (በመዥገር ንክሻ የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ) ነው ተባልሽ፤ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን ታዘዘልሽ። የመጀመሪያው ሌሊት አንቀጠቀጠሽ፣ አተኮሰሽ፣ በማግስቱ ለቀቀሽ። አሁን ዘጠነኛ ቀንሽ ነው፤ ያቅለሸልሽሻል፣ እንቅልፍ አጥተሻል፣ ታለቅሻለሽ፣ ምንም ነገር አያምርሽም። አንዱ «ኸርክስ ነው፣ ባክቴሪያው እየሞተ ነው፣ በርቺ» ይልሻል፤ ሌላው «ኪኒኑን ጥለሽ ጸበል ግቢ» ይልሻል።

በራስሽ አታቋርጪ። «በርቺ» የሚለውንም አትስሚ። በዘጠነኛው ቀን የመጣ መባባስ ኸርክስ አይደለም፤ የራሱ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱም ይፈለግለት። ድብርቱም እንደዚሁ።

ኸርክስ የሚሉት ያሪሽ-ኸርክስሃይመር የተባለውን ነው፤ ሁለት የቆዳ ሐኪሞች ቂጥኝ ሲያክሙ አስተውለውት በስማቸው ተጠራ። ለአገራችን ሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም። በቅማል የሚተላለፈውን የሚያገረሽ ትኩሳት የሚያመጣው ባክቴሪያ የላይሙ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ቦሬሊያ ይባላሉ። ያ በሽተኛ የመጀመሪያውን ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ከወሰደ በሰዓታት ውስጥ አልጋው እስኪነቃነቅ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ቀጥሎ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ከመድኃኒቱ በኋላ በቅርብ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። ዓለም የሚጠቅሳቸው የዚህ ክስተት ጥናቶች አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርተዋል። ልብ በይ፣ ያን ያህል በሚበረታበት በሽታ እንኳ በአንድ ቀን ውስጥ ያልፋል። በላይም ከመቶ ሕመምተኛ 15 ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ይጀምራል፣ ቀለል ይላል፣ በአንድ ቀን ገደማ ያበቃል። የመጀመሪያው ሌሊትሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም። መድኃኒቱም ውሃና ፓራሲታሞል ነው (ታይለኖል የሚሉት፣ 500 ሚሊግራሙ በአንድ ጊዜ ሁለት ፍሬ፣ በቀን ከስድስት ሳያልፍ)። ለሳምንታት የሚዘልቅ «ኸርክስ» ግን ሰው ሌላ ነገር ሲያመልጠው የሚሰጠው ስም ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰዓትና ቀን ያዢ። አንድ ወረቀት አውጪና የመጀመሪያውን ኪኒን የዋጥሽበትን ቀንና ሰዓት ከላይ ጻፊ። ከሥሩ በየቀኑ፦ ኪኒኑን ስንት ሰዓት ላይ ወሰድሽ፣ ከምን ጋር፣ ማቅለሽለሹ በስንት ሰዓት መጣ፣ ሌሊቱን ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ ስሜትሽ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው። አምስት ቀን ከጻፍሽ አብዛኛው ነገር ራሱ ይናገራል።

ለምሳሌ ማቅለሽለሹ ከኪኒኑ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚመጣ ከሆነ የዶክሲሳይክሊን ጠባይ ነው፤ ባዶ ሆድ ላይ ይብሳል። እየጾምሽ መሆኑን ጽፈሻል፣ የእኛ ሰው የሚሰናከለው እዚሁ ላይ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን ኪኒን በባዶ ሆድ፣ በአንድ ጉንጭ ውሃ ይውጠዋል፤ ከዚያ ያስታውከዋል ወይም ደረቱ ይቃጠላል። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ለታመመ ሰው ሰዓት መጠበቅ ግዴታ አይደለም። የጾም ምግቡ ራሱ ችግር የለበትም፣ ሽሮም ቂንጬም ይበቃል። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ ምግብ ከበላሽ በኋላ፣ ከአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር ዋጪው። ከዋጥሽ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ደግሞ አንድ ሰዓት፣ ጋደም አትበዪ፤ ኪኒኑ የምግብ ቧንቧ ላይ ከተጣበቀ ያቆስላል፣ ምራቅ መዋጥ እንኳ ያስጨንቃል። ረመዳን ላይ የምትታከሙም በሱሑርና በኢፍጣር ብትወስዱት ሁለቱ ሰዓት ይገጥማል፣ ሱሑር ላይ ግን ውጣችሁ ወዲያው አትተኙ።

አንድ ስውር ስሕተት አለ። ሆዴን አቃጠለኝ ብሎ ቱምስ ከላዩ መውሰድ። ቱምስ ካልሲየም ነው፤ ካልሲየም፣ ብረትና ማግኒዚየም ዶክሲሳይክሊንን ሆድ ውስጥ ያስሩትና ወደ ደም አይገባም። የብረት ኪኒን፣ መልቲቫይታሚን፣ የጨጓራ ማስታገሻ፣ ሁሉም ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይራቅ። በጾም ወተት የለም ብለሽ አትዘናጊ፤ ከሱቅ የሚገዛው የአልሞንድና የአኩሪ አተር ወተት አብዛኛው ካልሲየም ተጨምሮበታል። አንድ ኪኒን ከረሳሽ ባስታወስሽ ሰዓት ውሰጂ፣ የሚቀጥለው ከተቃረበ ዝለዪው፣ ሁለት አንድ ላይ አትዋጪ። ይህን ሁሉ አስተካክለሽም ካልቻልሽው ለሐኪምሽ ደውለሽ ይቀየርልኝ በይ። ለዚህ ሽፍታ አሞክሲሲሊን (500 ሚሊግራም በቀን ሦስት ጊዜ) ወይም ሴፉሮክሲም (500 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ) ለ14 ቀን እኩል ይሠራሉ። መቀየር ማቆም አይደለም።

አሁን ደግሞ ቀጠሮ የማይጠብቁት። የማያቋርጥ ራስ ምታት ከብዥታ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት ጋር፣ ጆሮ ውስጥ እንደ ልብ ምት ከሚመታ ድምፅ ጋር ከመጣ፣ ዶክሲሳይክሊን አልፎ አልፎ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ይጨምራልና ያንኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ራስ መሳት፣ ማዞር፣ ልብ መዛለል ካለ ላይም ልብ ላይ ወጥቶ እንዳይሆን ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሣልሽ። የፊት አንድ ወገን መውደቅ፣ የአንገት መድረቅ፣ ግራ መጋባትም ያንኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳሉ። በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከያዘሽ አንቲባዮቲክ የሚያመጣው የአንጀት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ሳይደረግ ማቆሚያ ኪኒን አትውሰጂ።

ትኩሳቱ ተመልሶ ከመጣ፣ ሌሊት አንሶላ የሚያርስ ላብ ካለ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ባቤዢያን አስቢ። ያው መዥገር በአንድ ንክሻ ላይምንም ባቤዢያንም ሊያስተላልፍ ይችላል። ወባ ለምናውቅ ሰዎች ማስረዳት ቀላል ነው፦ እንደ ወባ ቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚገባ ተውሳክ ነው፣ በማይክሮስኮፕም ወባ ይመስላል፣ ዶክሲሳይክሊን ግን አያድነውም። አቶቫኮንና አዚትሮማይሲን አንድ ላይ ነው የሚሰጠው። «የደም ፊልም ይታይልኝ» ብለሽ በስሙ ጠይቂ፤ ጣፊያው የወጣለት ሰው ደግሞ አንድ ቀንም አይጠብቅ።

ወደ ድብርቱ ልምጣ፤ ጥያቄሽ ውስጥ ከሁሉ በላይ የከበደኝ እሱ ነው። ሰውነት ኢንፌክሽን ሲዋጋ የሚለቃቸው ኬሚካሎች አንጎል ላይም ይሠራሉ፦ ጉንፋን ሲይዝሽ ሰው ማየት የሚያስጠላሽ፣ ምግብ የሚመርሽ፣ ጥቅልል ብለሽ መተኛት የሚያምርሽ በዚሁ ነው። ላዩ ላይ ሕመም፣ የተቆራረጠ እንቅልፍ፣ ብቸኝነት፣ ሌሊት በስልክ የሚነበብ አስፈሪ ነገር ሲደረብ ሙሉ ድባቴ ይሆናል። ለፊት መውደቅ ወይም ለሌላ ነገር ፕሬድኒሶን የሚባለው ስቴሮይድ ተሰጥቶሽ ከሆነም ተናገሪ፤ እንቅልፍና ስሜት በጣም ያናውጣል።

ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፣ ፒ ኤች ኪው ዘጠኝ ይባላል፣ አማርኛውም አለ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ነው፣ 10ና ከዚያ በላይ ሕክምና የሚያሻው ተብሎ ይታያል። ላይም ላለበት ሰው ግን ድምሩ ብቻ ያሳስታል፤ ድካም፣ እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና ትኩረት የሚሉት ከበሽታውም ይመጣሉ። ስለዚህ አራቱን ለይተሽ እዪ፦ ደስታ ማጣት፣ ማዘን፣ ራስን የማይረባ አድርጎ ማየት፣ የመጨረሻው ደግሞ ብሞት ይሻላል የሚለው ሐሳብ። በዚህኛው ከዜሮ በላይ ከመለስሽ ዛሬውኑ ለሰው ይነገር። አሜሪካ ውስጥ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው የተዘጋጀው የስልክ መስመር፣ 988፣ ሌት ተቀን ይሠራል፤ «አምሃሪክ» ብለሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። አውሮፓ ያላችሁ 112 ደውሉ። እስከዚያው ቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ፣ ታይለኖሉም ጭምር፣ ሌላ ሰው ዘንድ ይቀመጥ፣ ሌሊቱንም ብቻሽን አትደሪ።

እንደዚያ ካልሆነም ላይሙ ይለፍ ብለሽ አትጠብቂ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይታከማሉ። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው የድብርት መድኃኒት፣ ሰርትራሊን 25 ወይም 50 ሚሊግራም ከዶክሲሳይክሊን ጋር አይጣላም፤ ሆድ ግን ሁለቱም ስለሚነኩ ከምግብ ጋር ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት ሊያቅበጠብጥ ይችላል፤ ለውጡ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይጀምራል፣ ሙሉው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑ ሲጀምሩ በቅርብ ይታዩ። ለድብርት እየተባለ የሚሸጠውን ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ቅጠል ተዪው፤ እንደ ዶክሲሳይክሊን ቆዳን በፀሐይ ያስቃጥላል፣ ከሰርትራሊን ጋር ደግሞ አደገኛ ነው። አንዳንዶች ለላይም የሚሰጡት፣ ለመጠጥ ሱስ የተሠራው ዳይሰልፊራምም ራሱ ድብርት ሊያመጣ ይችላል፤ ጠላ ወይም ጠጅ ሲቀመስበትማ ሆስፒታል ያስገባል።

ከመድኃኒቱ ጎን በቀን ሁለት ነገር ብቻ ያዢ፣ ስሜትሽ እስኪመጣ ሳትጠብቂ። አንዱ አካል የሚያንቀሳቅስ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አሥር ደቂቃ መራመድ፣ ረጅም እጅጌ ለብሰሽ፣ ነጠላውን ጣል አድርገሽ። ፀሐዩ ጥቁር ቆዳንም ያቃጥላል። ደህና ነኝ ባልሽበት ቀን ወደ አርባ ደቂቃ አትዝለዪ፣ በማግስቱ አልጋ ላይ ያውልሻል፤ በየሦስት ቀኑ ሁለት ደቂቃ ጨምሪ። ሁለተኛው ሰው ያለበት ይሁን፦ አንድ ጎረቤት ለቡና መጥራት። ሦስቱንም ዙር መቀመጥ የለብሽም፣ አቦሉን ጠጥታ ትሂድልሽ፣ ያንቺ ስኒ ሻይ ቢሆንም ግድ የለም። ቡና የምትጠጪ ከሆነ ከ6 ሰዓት በፊት ይብቃሽ። ሌሊቱ ምንም ቢከፋ የመነሻ ሰዓትሽ አይቀየር፤ እንቅልፍን የሚያስተካክለው ከመተኛው ይልቅ የመነሻው ሰዓት ነው።

ጸበሉን በተመለከተ መምረጥ አያስፈልግሽም። ለኤች አይ ቪ ሕሙማን እንኳ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱንና ጸበሉን አንድ ላይ መውሰድ ይቻላል ብለዋል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ብዙ ጠጥቶ ማስመለስ ልማድ በሆነበት ቦታ ኪኒኑ አብሮ ይወጣልና ቢያንስ በሁለት ሰዓት አራርቂው።

ሐኪሙ ፊት ስትቀርቢ «ልቤን ጨነቀኝ፣ ደከመኝ» ካልሽ የሚጻፈው ድካም ነው። እንዲህ በይ፦ «ከዚህ ቀን ጀምሮ አዝናለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ የምወደው ነገር አያስደስተኝም፣ ድብርት መሆኑ ይመርመርልኝ»። ወረቀትሽን አሳዪ። አብሮም የደም ቆጠራ፣ የታይሮይድና የቢ 12 ምርመራ ጠይቂ፤ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግርና የቢ 12 እጥረት ድብርት መስለው ይመጣሉ። አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ግዴታ ነው። ልጅሽን አታስተርጉሚ፤ እናት ልጇ ፊት «ብሞት እላለሁ» አትልም።

አሥራ አራተኛው ቀን ሲያልቅ ድካሙ ወዲያው ካልጠፋ አትደንግጪ፣ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ከታከሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ከስድስት ወር በላይ ድካም፣ ሕመምና የማስታወስ ችግር ይቆይባቸዋል። ያን ጊዜ «ባክቴሪያው አልሞተም፣ ለወራት አንቲባዮቲክ ውሰጂ» የሚልሽ አይጠፋም። ይህ ተፈትኗል፦ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት 280 ሰዎች ላይ 12 ሳምንት ተጨማሪ አንቲባዮቲክን ከባዶ ኪኒን ጋር አወዳድሮ ልዩነት አላገኘም፤ ቀደም ብለው አሜሪካ የተሠሩትም ዘላቂ ጥቅም አላሳዩም፣ በደም ሥር የተሰጠው ደግሞ ጉዳት አድርሷል። ስለዚህ ለዛሬ ሁለት ስልክ ደውዪ፦ አንዱ ለሐኪምሽ ስለ ስሜትሽና ስለ ማቅለሽለሹ፣ በዚህ ሳምንት ልታይ ብለሽ፤ ሌላው ኪኒኑ ካለቀ ከአራት ሳምንት በኋላ ለሚሆን ክትትል ቀጠሮ።